የቀፎው ትንፋሽ

አህያዋ ዳገቱን ስትወጣ ግራና ቀኝ የተንጠለጠሉት ሁለት ጥቅልሎች ከጎኗ ጋር ይላተማሉ። ታንጉት ከኋላ እየተከተለች የቀኙን ጥቅልል በመዳፏ ደግፋዋለች። ለሚያያት ሰው ጭነቱ እንዳይንሸራተት የምትጠነቀቅ ትመስላለች። እሷ ግን በእጇ ታዳምጥ ነበር። ከተጠቀለለበት ቆዳ፣ ከጀንዲው ሥር፣ ከቀፎው ሆድ፣ የንቡ ድምፅ እንደ ሩቅ ወፍጮ እየነዘረ ወደ ክንዷ ይወጣል።

«ቶሎ ቶሎ በይ እንጂ» አለ ከፊት የሚሄደው ባሏ እጅጉ። «ፀሐዩ ሳይጠና ቡሬ መግባት አለብን።»

«ለአህያዋ ንገራት። እኔማ እየመጣሁ ነው።»

ወሩ የካቲት፣ ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ ዘጠኝ ነው። በዚያ ወር ከደምበጫ እስከ ቡሬ ያለው ገበሬ ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ መሬት የሚጨመርለትና መሬት የሚቀነስበት። በንጉሡ ጊዜ ጭቃ ሹም የነበረ፣ ወይም የጭቃ ሹም ልጅ የሆነ «ፊውዳል» ተባለ። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ሥልጣን ይዞ የነበረ ደግሞ «ቢሮክራት» ተባለ። ቃሉ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ ገበሬ አልነበረም። ትርጉሙን ግን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል፤ ገመዱ ይመጣል፣ ማሳህ ይለካል፣ አራት ጥማድ ይቀርልሃል፣ ሌላው ለሌላ ሰው ይሄዳል ማለት ነው።

እጅጉ ቢሮክራት ነው። ደርግ ሊወድቅ ሲል ማንኩሳ አጠገብ ባለው መንደራቸው የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር ነበር። ጽሕፈት ስለሚያውቅ መረጡት፤ እምቢ ለማለት ወኔ ስላጣም ተመረጠ። በካኪ ኮቱ የደረት ኪስ ብዕር ሰክቶ ሲያልፍ «ጓድ ሊቀመንበር» እየተባለ እጅ ይነሣለት ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ አልጠላውም። አሁን ካኪው ኮት ለአህያዋ መደላድል ሆኖ ከጭነቱ ሥር ተነጥፏል።

መሬቱ ባለፈው ሳምንት ተለክቷል። የሚያለቅሱትን አልቅሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወፍጮ ቤት አንድ ወሬ ተነሣ። መሬቱ ላይ ያለው ሁሉ ከመሬቱ ጋር ይደለደላል፣ ዛፉም፣ ንቡም፣ ተባለ። ማን እንዳለው የሚያውቅ የለም። ታንጉት ግን ወሬውን በሰማች ቀን ዱቄቷን እንኳ ሳትቀበል ነበር ወደ ቤቷ የሮጠችው።

ንቡ የእሷ ነዋ! አባቷ መሪጌታ ዓለምብርሃን ቅኔ እያስተማሩ ንብ ያረቡ ነበር፤ የደብሩ ጧፍ የሚሠራው ከእሳቸው ቀፎ በሚወጣው ሰም ነበር። ለሴት ልጅ ቀፎ መስጠት ያገሩ ወግ አይደለም። እሳቸው ግን ታንጉትን ሲድሩ ከአንዲት ላም ጋር አንድ ቀፎ አሸክመው ሰደዷት። ያን ጊዜ ሰው ሳቀባቸው። ያ መንጋ ግን ከዓመት ዓመት ቀፎ እየቀየረ፣ ልጆች እየሰደደ፣ እስከዚህ ቀን ደረሰ። ልጆቿ አድገው በየፊናቸው ሲበተኑ፣ አባቷም ሲሞቱ፣ ንቡ ከደጇ አልተነቀለም። አሁን መሬቱ ሲሄድ የእኔ ነው የምትለው እሱ ብቻ ቀራት።

ቡሬ አጠገብ ወንድሟ ገነነ አለ። እሱ ፊውዳልም ቢሮክራትም አልተባለም። ቀፎዎቹን እዚያ እንሰውር ብለው ተማከሩ። ቀፎ በቀን አይጓዝም፤ ይህን የማያውቅ ባለንብ የለም። በዚያ ወር ግን ከመሸ በኋላ መንገድ ላይ የተገኘ ሰው ሸፍቶ ነው ተብሎ ይያዝ ነበር። ስለዚህ ንቡ ለሥራ ሳይወጣ ጎህ ሲቀድ አፉን ዘግተው፣ በጀንዲ ጠቅልለው፣ ለጠየቀ ሁሉ «በርበሬ ነው» ሊሉ ተስማሙ። የማንኩሳ ሰው በርበሬ ጭኖ ቡሬ ቢሄድ ማን ይገረማል?

ቀፎ ሲጓዝ አፉ የሚወተፈው በግራዋ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ንብ አያሳልፍም፣ አየር ያሳልፋል። ችግሩ ድምፅም ያሳልፋል። ታንጉት ጠዋት ቅጠሉን ጥላ እበትና ጭቃ ለወሰች።

«ተይ፣ ቅጠሉ ይበቃል» አላት እጅጉ።

«ድምፁሳ? መንገድ ላይ ሲያጉረመርም የሚያንጎራጉር በርበሬ ነው ልትል ነው?»

እሷም ጭቃውን በገዛ መዳፏ መርጋ ዘጋችው፤ ስንጥቁን ሁሉ በጣቷ እየተከተለች ደፈነችው።

አለማወቅ አይደለም። ልጅ ሳለች አባቷ እጇን ይዘው ከቀፎ አፍ አስጠግተዋት ነበር። ባንድ በኩል ሞቅ ያለ ንፋስ ይወጣል፣ በሌላው በኩል ቀዝቃዛው ይገባል። አፉ ላይ የተሰለፉት ንቦች ሳይበሩ፣ ባሉበት ቆመው ክንፋቸውን ያርገበግባሉ። «አየሽ፣ ቀፎ እንደ አንድ እንስሳ ነው። ይተነፍሳል። አፉ ላይ ያሉት ውስጥ ላሉት ሁሉ ያስተነፍሳሉ» አሏት። እጅጉም በሊቀመንበርነቱ ጊዜ ፍኖተ ሰላም የንብ እርባታ ኮርስ ገብቶ ተምሮ ሲመለስ፣ ንብ ሳንባም አፍንጫም እንደሌላት፣ በግራና በቀኝ ጎኗ በተደረደሩ ቀዳዳዎች አየር እንደምታስገባ፣ አየሩ እንደ ክር በቀጠኑ ቧንቧዎች ሰውነቷን ሁሉ እንደሚያዳርስ፣ ሆዷን እንደ ወናፍ የምታወጣና የምታስገባው ለዚያ እንደሆነ ነግሯት ነበር። ታንጉት ያን ቀን ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ዛዲያ ጉንፋን ሲይዛት በምኗ ትናፈጣለች?» ብላ አፌዘችበት። ይህን ሁሉ የሚያውቁ ባልና ሚስት ናቸው እንግዲህ ጭቃውን የመረጉት። ፀሐዩ ሳይጠና እንደርሳለን ብለው ነበር።

ዳገቱን ጨርሰው ሜዳ ላይ ሲወጡ ሰው አዩ። ሰው ብቻ አይደለም፤ የአንድ ቀበሌ ሕዝብ በሙሉ ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ተቀምጧል። በቅሎዎችና ፈረሶች ዳር ዳሩን ታስረዋል። ከመሃል አንድ ቀጭን ሰው በድምፅ ማጉያ ይናገራል። ዋናውን የመኪና መንገድ ፈርተው በአቋራጭ የመጡት ባልና ሚስት የድልድል ስብሰባ መሃል ገቡ።

«ተመለስ» አለች ታንጉት በሹክሹክታ።

ጊዜው አልፏል። ቁምጣ የለበሰ፣ ክላሽ ያነገተ ሚሊሻ እየሮጠ መጣ። ቀረብ ሲል ሁለቱም አወቁት። ደረሰ ነው። እዚህ አገር ሳያገባ በፊት የእነሱ መንደር ልጅ ነበር።

«ቁም! ወዴት ነው?»

«ቡሬ» አለ እጅጉ። «ተወንድሟ ዘንድ። በርበሬ ልናደርስ።»

«ስብሰባ ሳያልቅ የሚያልፍ የለም። ወሬ አቀባይ እንዳይኖር ተብሏል።» ደረሰ እጅጉን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «አንተማ ጓድ ሊቀመንበር አይደለህ? ሂድ፣ ቦታህ እዚያ ነው» አለና በጠመንጃው አፈሙዝ ድንጋይ ካቡ ሥር ወደ ተነጠሉት ሽማግሌዎች አመለከተው። እነዚያ የቀበሌው ፊውዳሎችና ቢሮክራቶች ነበሩ። ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም።

በአባቱ ዕድሜ ያለ ሰው በዚያ ልጅ «አንተ» ሲባል ታንጉት ፊቷ ጋለ። ግን ምን ትላለች? የደረሰ ታላቅ ወንድም በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ኤርትራ ቀርቷል። ወንድምየው ከመኝታው በተወሰደ ጊዜ ከወሳጆቹ ፊት የነበረው እጅጉ ነው። እጅጉ «ታዝዤ ነው» ይላል። እውነቱን ነው፣ ታዟል። የልጁ እናት ግን እስኪሞቱ ድረስ በእጅጉ ደጅ አላለፉም።

እጅጉ ሄዶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ታንጉት ከአህያዋ ጋር ቀረች። የሾላው ጥላ በሰው ተሞልቷል፤ የቀረላቸው ፀሐዩ ነው።

መጀመሪያ ላይ የምትጠብቀው ስብሰባው እንዲያልቅ ነበር። ባለድምፅ ማጉያው ሀብተሚካኤል የሚባል ከወረዳ የመጣ ካድሬ ነው። ስለ ድሃው ገበሬ ተናገረ። ስለ ጨቋኞች ተናገረ። ጨረሰ ስትል ጥያቄ ካለ ብሎ ጠየቀ፤ ጥያቄም ተገኘ። ፀሐዩ አናት ላይ ወጣ።

ቀፎው መጮህ የጀመረው ያኔ ነው። ከመዳፏ ሥር ያለው ድምፅ ከወፍጮነት ወደ ጎርፍነት ተለወጠ። ታንጉት ውስጡን የምታየው ያህል ታውቀዋለች። የታፈኑት ንቦች ሁሉም ባንድ ላይ ክንፋቸውን እያራገቡ ነው። ንፋስ የሚገባበት ስለሌለ ያንኑ የሞቀ፣ የተተነፈሰ አየር መልሰው መላልሰው እያማሰሉ ነው። ባራገቡ ቁጥር ይደክማሉ፣ በደከሙ ቁጥር ብዙ አየር ይፈልጋሉ፣ ሙቀቱም በእነሱው ይብሳል። አርፈው ዝም ቢሉ ኖሮ ይሻላቸው ነበር። ግን ማን ይንገራቸው?

አጠገቧ የተቀመጠች ሴት ዘወር አለች። «ምንድነው የሚጮኸው፣ እታለም?»

«የአህያዋ ሆድ ነው። ነፍቷታል።»

ሴትዮዋ አህያዋን አየቻትና ከንፈሯን መጠጠች። አህያዋ ጆሮዋን ጥላ ቆማለች፤ ምንም የነፋት አትመስልም።

ታንጉት ደረሰን በእጇ ጠራችው። ሲቀርብ ድምፅዋን ለስላሳ አድርጋ፣ «ልጄ ደረሰ፣ እንስሳዋ ልትወድቅብኝ ነው። እዚህ ታች ምንጩ ድረስ ወርጄ ውኃ ላጠጣት። እጅጉን መያዣ ትቼልህ የት እሄዳለሁ?» አለችው።

ደረሰ አላፌዘባትም። «እማማ ታንጉት፣ እርስዎን አልጠላም። ወንድሜም የት ሜዳ ላይ ውኃ እንደጠማው አላውቅም። ስብሰባው ሲያልቅ ይሂዱ» አላትና ሄደ።

እዚያው ላይ ልትነግረው ትችል ነበር። ንብ ነው፣ ልጄ፣ እየሞተብኝ ነው፣ ማለት ነው እንጂ ሌላ ምን አለው? ቃሉ እስከ ምላሷ ደርሶ ተመለሰ። ንቡን ከእጅጉ እጅ መውሰድ ለዚህ ልጅ ምን ያህል ደስ እንደሚለው አሰበች። በሰው ሁሉ ፊት ቀፎዎቿ ወርደው ለማን እንደሚሰጡ በእጅ ማውጣት ሲወሰን ታያት።

ጭቃውን ነቅላ ብትጥለውስ? ይህንንም አሰበች። ዙሪያዋን አየች። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለዋል። በቅሎዎቹ ባጭር ታስረዋል። የታፈነ ንብ ሲፈታ ምን እንደሚሆን አይታለች፤ በአንድ ሠርግ ላይ የታሰረች በቅሎ ስትነደፍ ማንም ሳይደርስላት ነው ወድቃ የሞተችው። እዚህ ቢፈታ የሚሞተው በቅሎ ብቻ አይሆንም። ከፈተችም ዘጋችም ገዳይ ናት።

ከመቀነቷ ውስጥ የስፌት ወስፌ ነበራት። የተጠጋችው ለአህያዋ አዝና እንዲመስል ግንባሯን ከቀኙ ጥቅልል ላይ አስደግፋ፣ ወስፌውን በጀንዲው እጥፋት አስገብታ ጭቃውን ወጋችው። ደርቋል። እያሽከረከረች ገፋችው። ሲበሳ አንድ ትንፋሽ ወጣ። ሞቃት፣ እርጥብ፣ የቀለጠ ሰምና ማር የሚሸት ትንፋሽ ነበር፤ ጉንጯን መታት። «እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጆች» አለች ሳታስበው።

ብዙ አልቆየም። ትንፋሹ ቆመ። ወስፌውን መልሳ ስትሰድ ለስላሳ ነገር ነካት። ገባት። አየር የሸተታቸው ሁሉ ወደዚያች ቀዳዳ ሮጠው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጭኖ፣ በገላቸው ደፍነውታል። ሌላ በሳች። እሱም ተደፈነ። ሦስተኛውን በችኮላ ስትበሳ ወስፌው ተሰበረ።

ሀብተሚካኤል አሁንም ይናገራል። «የገበሬው እስትንፋስ መሬቱ ነው!» አለ በድምፅ ማጉያው። ሕዝቡ አጨበጨበ። ታንጉትም ሚሊሻው ሲያያት አጨበጨበች።

እጇን ወደ ቀፎው ስትመልስ ድምፁ ወርዶ ነበር።

ሲጮህ ፈርታ ነበር፤ ሲወርድ ግን ፍርሃቷ ባሰ። የግራውን ቀፎ ዳሰሰች። እሱ ከነጭራሹ ዝም ብሏል። ከጀንዲው ጫፍ ቀጭን ማር እየተንጠባጠበ የእጅጉን ካኪ ኮት ያረጥባል። አንገቷን ቀና አድርጋ ባሏን ፈለገችው። ከድንጋይ ካቡ ሥር ሆኖ እሷኑ ያይ ነበር። መዳፏን ከፍ አደረገችና ቀስ ብላ ጣቶቿን ጨበጠች።

እጅጉ ተነሣ።

«ቢሮክራት ቁጭ በል!» ብሎ ጮኸ አንዱ።

«መናገር እንደማልችል አውቃለሁ» አለ እጅጉ። ነጠላውን አውርዶ ወገቡ ላይ አሰረ፤ በንጉሡ ጊዜ ለዳኛ ይደረግ እንደነበረው። «ጌቶቼ፣ በርበሬ ብዬ ዋሽቻለሁ። የጫንሁት ንብ ነው። የሚስቴ ነው፤ ተአባቷ ያገኘችው ነው። ውሰዱት፤ ለፈለጋችሁት ስጡት። ብቻ ተሰው ርቆ ይከፈት። ታፍኖ እያለቀ ነው።»

ጉምጉምታ ተነሣ። አህያዋ አጠገብ የነበሩት ሴቶች ልጆቻቸውን እየሳቡ ሸሹ። ሀብተሚካኤል የድምፅ ማጉያውን ከአፉ አወረደ። ግንባሩን አኮማትሮ እጅጉን አየው።

«ንብ?» አለ። «ስለ ንብ ማን ጠየቀህ?»

«ይደለደላል ተብሎ...»

«ማን አለ? መመሪያው የእርሻ መሬት ነው የሚለው። ንብ እንኳን ልንደለድል ልንነካም አልመጣን።» ሕዝቡ ሳቀ። ሀብተሚካኤልም ፈገግ አለ፤ ክፉ ፈገግታ አልነበረም። «ሂዱ፣ ሂዱ፣ ንባችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሰው ሳታስነድፉ።»

ታንጉት ሳቁን ሰማችው። ንቧን ማንም አልፈለገውም ነበር። ከጠዋት ጀምሮ የሸሸችው ሰው የለም።

ወደ ምንጩ በሩጫ ወረዱ። ደረሰ ማንም ሳያዘው ተከትሏቸው መጣ፤ ክላሹን ወደ ኋላው ገፍቶ ሁለቱን ቀፎዎች ከእጅጉ ጋር አወረደ። ጥላ ሥር አኖሯቸው። እጅጉ አህያዋን አርቆ ሰደዳት። ታንጉት ፊቷን በነጠላዋ እንኳ ሳትሸፍን የግራውን ቀፎ ጭቃ በድንጋይ ሰበረችው።

የወጣ ንብ የለም። ቀፎውን ዘንበል ሲያደርጉት ግን ወጡ። እንደ ረጠበ እህል ባንድ ላይ ተዘርግፈው ሣሩ ላይ ተቆለሉ። ጠቁረዋል፣ በማር ረጥበው ያብረቀርቃሉ፣ ምላሳቸው ወጥቷል። ታንጉት እፍኝ ሙሉ አንሥታ አየቻቸውና ጮክ ብላ አለቀሰች። እጅጉ «ተይ፣ ተይ» እያለ ወደ ቀኙ ቀፎ ሄደ።

የቀኙን ከፈቱ። እሱ ውስጥም ሬሳው አፉን ዘግቶት ነበር፤ በእንጨት ጠረጉት። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንዲት ንብ እየተንገዳገደች ወጣች። ከኋላዋ ሌሎች ጥቂት ተከተሏት። መብረር አልቻሉም። ሆዳቸው ወዲያና ወዲህ፣ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ እጅጉ እንዳላት እንደ ወናፍ።

ደረሰ ከተቆለሉት ንቦች ፊት ቁጢጥ ብሎ ነበር። ከንፈሩን ነክሷል። «ጠርተውኝ አልነበር? ምነው ያኔ ቢነግሩኝ፣ እማማ ታንጉት?» አለ። «ንብማ ምን አጠፋ? አሳልፍዎት ነበር።»

ታንጉት ዞር ብላ አየችው። ልትቆጣው ፈለገች፤ ቁጣው አልመጣላትም።

«አንተን ፈርቼ ነው» አለችው።

ደረሰ ተነሣ። ጠመንጃውን ወደ ትከሻው መልሶ ዳገቱን ወጣ።

ታንጉት ከቀኙ ቀፎ ፊት ተንበርክካ ቀረች። የተረፉት ጥቂት ንቦች አፉ ላይ ደርሰው ተሰለፉ። እግራቸውን ከቀፎው ጠርዝ ላይ ተከሉ፣ ጭራቸውን ቀና አደረጉ፣ ክንፋቸውን ማርገብገብ ጀመሩ። ውስጥ ማንም የለም። እነሱ ግን አየር እያስገቡ ነበር። ታንጉት መዳፏን አስጠጋች፣ እንደ ልጅነቷ። ምንም አልተሰማትም። የሚያራግቡት ንፋስ ለመዳፍ የሚደርስ አልነበረም።

እጅጉ አህያዋን ይዞ ተመለሰ። ባዶውን ቀፎ ጫነ፣ ከዚያ ወደ ቀኙ መጥቶ ቆመ። «ቅጠል ልቁረጥለት?» አለ በዝግታ። «ቡሬ ገና ነው። መንገድ ላይ ይወድቃሉ።»

«አይ። ክፍቱን ይሂድ።»

እሷ ራሷ በጠፍር አሰረችው። አህያዋ ስትነሣ ታንጉት ከጎኗ ሆነች፤ ቡሬ እስኪገቡም የሚወድቀውን ልትቀበል መዳፏን ከቀፎው አፍ ሥር አላነሣችም።